«የእጁን ፍሬን አትንኩ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን በባሕር ዳር ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ የገባ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንደኛው ላኪ «አንብበውና ስልጠና ስልጠና ማለትህን ተው» ብሎ ጨምሮበታል። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ቀልዱም ያስቃል። ግን ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ሰው የሚጥሉ ናቸው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም በአጭሩ ላስቀምጥ። ሞተር የሚለመደው መንገድ ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ስልጠና አያስፈልገውም፤ አደገኛው አልፎ አልፎ የሚነዳው ነው፤ እሱም ሞተሩን ቢሸጥ ይሻለዋል ይላሉ። የፊት ጎማውን የሚያቆመው የእጅ ፍሬን ሰው ይገለብጣል፤ የኋላውን የሚያቆመው የእግሩ ይበቃል ይላሉ። ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ሄልሜት ትርፍ ነው፤ ያሞቃል፣ ጆሮም ይደፍናል ይላሉ። አደጋ የሚመጣው ከባጃጅ፣ ከከብትና ከእግረኛ ስለሆነ የነጂው ችሎታ ምንም አይለውጥም ይላሉ። ማምለጫ ከጠፋ ደግሞ ሞተሩን አጋድሞ መጣል ነው ይላሉ። በመጨረሻም የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችን ሸንቆጥ አድርገው ያልፋሉ።

እኔ የእንስሳት ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ሞተር ይዤ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ጢስ ዓባይ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፤ ለጸሐፊው ዋናው መልሴ እነሱ ውስጥ ነው ያለው።

በልምዱ ነገር ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በየቀኑ የሚነዳ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማንም አሠልጣኝ በሁለት ሳምንት አያስተምርም። መንገድ ዳር የቆመ ሰው እጁን ካነሳ ከፊቱ ያለው ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር እንደሚወረወር ያውቃል። ብስክሌት የያዘ ተማሪ ከዘንባባዎቹ መሐል ሳይታሰብ ብቅ እንደሚል ያውቃል። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተኛውን ዘይትና አቧራ ቀላቅሎ እንደ ሳሙና እንደሚያደርገው ያውቃል። ይሄ ትልቅ ዕውቀት ነው። አላጣጥለውም።

ግን «ልምድ» እና «ልማድ» በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ቆጠሯቸው።

እስቲ በየቀኑ የሚነዳ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን እንቁጠር። ይነሳል። ማርሽ ይቀይራል። ዜብራው ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይቆማል። ሰው ያፈናጥጣል፣ ያወርዳል። ባለው ኃይል ሁሉ ፍሬን የያዘበት ቀን ግን በዓመት ስንት ነው? አንድ? ብዙ ጊዜ አንድም የለም። እንግዲህ ሺህ ጊዜ የተለማመደው ቀላሉን ማቆም ነው። የሚያድነውን አልተለማመደውም። ዐሥር ዓመት በእግር ፍሬን ብቻ የነዳ ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ ያሠለጠነው እግሩን ነው። ጭንቅ በመጣ ቀን እጁ ከየት ያመጣዋል? ችግሩ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም መሆኑ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የመራው ቡድን በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሮ፣ ውጤቱን በፈረንጆቹ 1981 አውጥቷል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 ከመቶው መደበኛ ስልጠና አልነበራቸውም፤ በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነበር የተማሩት። ይሄ ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስወራም፤ ያኔ የሠለጠነው ነጂ ራሱ ጥቂት ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው። አብዛኞቹ ነጂዎች በመጨረሻዋ ሰዓት የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ይዘው ጎማውን አንሸራተውታል፤ የፊቱን ግን በሚገባው ልክ አልያዙትም። ሎስ አንጀለስ ባሕር ዳር አይደለችም፤ ገብቶኛል። የሰው እግርና እጅ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

አልፎ አልፎ የሚነዳው ሰው አደጋ አለበት መባሉን እቀበላለሁ። እጅ ይረሳል። ሞተሩም ቆሞ ይበላሻል፤ የጎማው ንፋስ ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ ይደርቃል፣ የፍሬኑ ገመድ ይዝጋል። «ይሽጠው» የሚለው ላይ ግን ፈገግ አልኩ። ምኑን ይሽጥ? በዓመት ሁለት ጊዜ ለክትባት ዘመቻ የመሥሪያ ቤት ሞተር ተሰጥቶት ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣ ባለሙያ ስንት አለ! ንብረቱ የመንግሥት ነው። ሰውዬው ደግሞ ነጂ ልሁን ብሎ አልተቀጠረም። ለእሱ «መንገዱ ያስተምርሃል» ማለት ፈተናውን ከትምህርቱ በፊት መስጠት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አልፎ አልፎ የሚነዳው ሰው ቢያንስ ይፈራል። ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሐል ወትፎ፣ ሁለት ሰው አፈናጦ፣ ከፊት ጄሪካን ይዞ የሚበርረውን ባሕር ዳር ላይ ያየሁት ከዕለት ነጂዎች ዘንድ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ጸሐፊው «የእጅ ፍሬን» የሚሉት በቀኝ እጅ የሚያዘውንና የፊት ጎማ የሚያቆመውን ነው። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔም እንዲሁ አምኜ ነድቻለሁ። ምክንያቱ የመጀመሪያው ውድቀቴ ነው። ከመራዊ አስፋልት ወደ አንድ ቀበሌ የጠጠር መንገድ እየታጠፍኩ ነበር። ጥጃ ከአጥር ሥር ወጣ። መሪውን እንዳዞርኩ የእጁን ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩት። የፊት ጎማው ጠጠሩ ላይ ሸርተት አለና ቁጭ ብዬ ራሴን መሬት ላይ አገኘሁት። ጥጃው ቆሞ ያየኛል። የእንስሳት ባለሙያ በጥጃ ወደቀ የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ደረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ የእጁን ፍሬን አልነካውም አልኩ። ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት። ሦስት ዓመት ደህና ሄደ። በአራተኛው ከተማ መሐል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በቀን፣ ከፊቴ የነበረ ባጃጅ እዛው ላይ ዞረ። የእግሩን ፍሬን ረገጥኩት። የኋላ ጎማው ተያዘና ጮኸ። ሞተሩ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሄደ፤ ሄደ፤ አልቆመም። ባጃጁን ጎኑ ላይ አገኘሁት። የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ተሳፋሪዋ እናት ከእኔ በላይ ደንግጠው «እግዚአብሔር ያትርፍህ ልጄ» እያሉ ነጠላቸውን አውልቀው እጄን አሰሩልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋቱ ፍሬኑን መያዜ አልነበረም። መሪው ተጣሞ፣ ጠጠር ላይ፣ በአንድ ጊዜ መጨምደዴ ነው። እኔ ግን ከዚያ አንድ ቀን የተማርኩት የተሳሳተውን ትምህርት ነው። መንገድ ያስተምራል፤ እሺ። ግን ምን እንደተማርክ ቆሞ አያርምህም።

ያረመኝ ሰው በመሥሪያ ቤታችን ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሾፌር ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። እጄ ከዳነ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት ወደ አንድ ሰፊ የአስፋልት ግቢ ወሰዱኝና በኖራ መስመር አሰመሩ። «መስመሩ ላይ ስትደርስ ያዝ፤ የት እንደምትቆም እናያለን» አሉኝ። በእግር ፍሬን ብቻ ሞከርኩ። ምልክት አደረጉ። በሁለቱም ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ የእጁን በጥፊ እንደመምታት አደረግኩት።

«ሎሚ በጥፊ ይመታል እንዴ?» አሉኝ። «ጭመቀው። ቀስ ብለህ ጀምር፣ ከዚያ አጥብቀው።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይያዝና ይንሸራተታል። የፊቱ ደግሞ መሬቱን ይበልጥ ይጫነዋል። ግን ክብደቱ ወደ ፊት እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ሳይደርስ ከጨመደድከው ጎማው ይያዛል። ቀስ ብለህ ጀምረህ ካጠበቅከው ግን አስፋልቱን ነክሶ ያቆምሃል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ወደ ሩቅ እያየ። እንደ ውድቀቴ ቀን ዓይን ጥጃው ላይ ከተተከለ ሞተሩም ወደ ጥጃው ነው የሚሄደው።

ቁጥሩን እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። አደጋውን አይተህ እጅህ እስኪታዘዝ አንድ ሰከንድ ብንሰጥህ 14 ሜትሩ ሄደ። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬን በደንብ የያዘ ሰው በሌላ 14 ሜትር ገደማ ይቆማል። በእግሩ ብቻ የያዘው ግን ወደ 28 ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ ከአንድ ትልቅ አውቶቡስ ይረዝማል። ይባስ ብሎ፣ የመጀመሪያው ሰው ቀጥ ብሎ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ባጃጁን የሚያገኘው በዚያ ፍጥነት ነው። እኔ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ጠጠርና ጭቃ ላይ የእጁን ፍሬን በስሱ መጠቀም፣ የእግሩን ማስቀደም ትክክል ነው። ታጥፎ ባጋደለ ሞተር ላይም ፍሬን መጨምደድ አይገባም። ደግሞም በከተማችን ብዙ ሞተሮች ላይ የእጁ ፍሬን ገመድ ላልቶ እስከ መጨረሻው ብትጨብጠውም አይይዝም። እንዲህ ያለውን ፍሬን የሚነዳው ሰው ባያምነው አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን መካኒክ ጋ ሄዶ ማስጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሄልሜት ላይ ብዙ አልቆይም። ሙቀቱ እውነት ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ለመብራት ስቆም እኔም ራሴ ይቀቀላል። ነጭ ወይም ቀለል ያለ ቀለም ያለውን ብትይዙ ትንሽ ይሻላል። ጆሮ ይደፍናል የተባለው ግን ኸርትም ፈትሾት፣ ሄልሜት ወሳኝ የሆኑ የመንገድ ድምፆችን እንዳይሰሙ ያደርጋል የሚል ማስረጃ አላገኘም። ለአጭር መንገድ አያስፈልግም ለሚለውም እዚያው ጥናት ላይ መልስ አለ፦ ብዙዎቹ አደጋዎች የደረሱት አጭር ጉዞ ላይ፣ ከተነሱበት ብዙም ሳይርቁ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ደግሞ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ስለዚህ ሙቀት ይሻለኛል። በዚያ ላይ ምሽት ሐይቁ ዳር የነዳ ሰው ትንኙን ያውቀዋል። መስታወት ያለው ሄልሜት ባይኖር አንዷ ዓይን ውስጥ ገብታ በቂ ነች።

አንድ የማይገባኝ ነገር ግን አለ። ክርን ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ሄልሜት ትራፊክ ሲታይ ወደ ጭንቅላት ይወጣል፤ ትራፊኩ ሲታለፍ ወደ ክርኑ ይመለሳል። ክርኑ ምን ያህል ውድ ቢሆን ነው?

«ችሎታ ምንም አይለውጥም» ወደሚለው ልሂድ። መጀመሪያ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይስማሙ። ችሎታ ምንም ካልለወጠ፣ የዕለት ነጂው አልፎ አልፎ ከሚነዳው በምን በለጠ? ከላይ ልምድ ያድናል ብለው፣ ከታች ምንም አያድንም ማለት አይሆንም።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሌላው መሆኑን ግን እቀበላለሁ። በኸርት ጥናትም ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነው። ታዲያ ነጂው ምን ያህል ጊዜ ነበረው? ከሁለት ሰከንድ ያነሰ። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የእኛው የከተማ ፍጥነት። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማሰብ የለም። ያለው እጅ የለመደው ብቻ ነው። ጥፋተኛው ባጃጁ ነው ብሎ ሪፖርት ላይ መጻፉ ለካሳ ይጠቅም ይሆናል። አንጓዬን ግን አልጠገነውም።

ስለ ከብት ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ከብት እንደ ድንገተኛ ነገር ተቆጥሯል፤ ብዙ ጊዜ ግን አካሄዱ ይታወቃል። ላም መንገድ ከተሻገረች ጥጃዋ ይከተላል፤ ስለዚህ አንዷ አለፈች ብላችሁ አትፍጠኑ። ከብት መንገድ አቋርጦ ሲሄድ በጭራው በኩል እለፉ፤ ከብት ወደ ፊት ይሮጣል እንጂ ወደ ኋላ እምብዛም አይመለስም። ክላክስ ከሩቅ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አጠገቡ ደርሶ ማስጮህ ማስበርገግ ነው። አመሻሽ ላይ መንጋው ወደ በረት ሲመለስ ወደ ሐሙሲትና ወረታ የሚወስደው መንገድ ላይ መፍጠን አያዋጣም። እንጨት የተጫነች አህያ ደግሞ ጭነቷ ምን ያህል እንደሚሰፋ አታውቅም፤ ራቅ በሉላት። ይሄ ሁሉ ችሎታ አይደለም?

ፍጥነትም የባጃጅ ጥፋት አይደለም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ያስጎመጃል። በ80 የሚያልፍ ሰው በ17 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ በ50 የሚያልፍ በ27። የተገኘው ትርፍ ዐሥር ሰከንድ ነው። ለዚያች ዐሥር ሰከንድ ሞተሩ ከነነጂው የሚሸከመው የግጭት ኃይል ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል።

ሞተሩን አጋድሞ መጣል የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ጎማ አስፋልት ይይዛል፤ የተጋደመ ብረትና ፕላስቲክ ግን ይንሸራተታል። ከወደቅክ በኋላ ፍሬንም መሪም የለህም፤ ዕቃ ሆነሃል። ያንን ጊዜ ፍሬን በመያዝ ብታጠፋው ይሻልህ ነበር። ወድቀው የተረፉ ሰዎች «ሆን ብዬ ጣልኩት» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም አንጓዬን ስሰበር ለሳምንት እንደዚያ ስል ነበር። የኋላ ጎማዬ አምልጦኝ ነው።

ማሠልጠኛዎቹን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አልጣላም። በኮን መሐል ስምንት ቁጥር ሠርቶ፣ ከሁለተኛ ማርሽ ሳያልፍ፣ የመንገድ ምልክት ሸምድዶ ወረቀት የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የያዝኩት። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ የጥናቶች ግምገማም የትኛው ዓይነት የሞተር ስልጠና አደጋን በተሻለ እንደሚቀንስ ከነበሩት ጥናቶች መለየት አልቻለም። ስለዚህ ስልጠና የሚል ስም ያለው ሁሉ ያድናል ብዬ አልምልም። ግን አጥብቆ ፍሬን መያዝን ያላስተማረ ትምህርት ቤት ደካማ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ማንም አይማር ማለት ሌላ። ዳቦው ጥሬ ወጣ ተብሎ ምድጃ አይፈርስም።

የምለው ነገር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዕለት ነጂው በሁለት ወር አንድ ጠዋት፤ አልፎ አልፎ ለሚነዳው ሞተሩን ባወጣ ቁጥር የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት። የጎማ ንፋስ፣ የሰንሰለት ልልነትና የፍሬን ገመድ ማየት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ከ20 ጀምሮ እየጨመሩ ጭምቅ አድርጎ ማቆም። ሰው የሚያፈናጥጥ ካለ አፈናጦም ይሞክረው፤ ያኔ ሞተሩ ሌላ ሞተር ነው።

ጸሐፊው ባሕር ዳር የሚኖሩ ይመስለኛል፤ ስለ መንገዶቹ የጻፉት ያስታውቃል። እንግዲያው ክርክሩን በጽሑፍ ከምናስረዝመው፣ ፈቃድዎ ከሆነ አንድ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ። ጋሼ ጡረታ ቢወጡም ግቢውን ያስከፍቱልናል። እርስዎ በእግር ፍሬን፣ እኔ በሁለቱም፣ በሰዓት 40 እንሞክረው። ኖራውን እኔ አመጣለሁ። ሄልሜት ግን ይዘው ይምጡ።